እትዬ ጽጌ በጃንጥላቸው የቀደዱት ኮርኒስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር። ካዛንቺስ ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። ግማሽ ዕድሜዬን የኖርኩበት ቤት የፊት ግድግዳው ተነስቶ፣ ጓዳዬ ከነሚስማሩና ከነጥላሸቱ ለአላፊ አግዳሚው ተገልጦ ሳየው፣ ራቁቴን የቆምኩ ያህል ተሰምቶኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የሄድኩት። ከዚህ በኋላ ደግሞ ምን ሊያስደነግጠኝ ይችላል አልኩ። ተሳስቻለሁ።

አሁን የምኖረው ከመስቀል ፍላወር ወረድ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቴ ሰብለ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ናት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፍ ይዤ እንደተቀመጥኩ ኮሪደሩ ላይ ጭቅጭቅ ሰማሁ።

«እኔ እኮ በረንዳውን ዝጊልኝ ነው ያልኩሽ! ማለቴ፣ ዝጊልኝ! ይሄ ምኑ ነው የተዘጋው?»

«ተዘግቷል የኔ እህት። ከላይ ያለችው የአየር መውጫ ናት።»

«አልፈልጋትማ! ልወልድ ነው እኮ። ብርዱ አለ፣ አቧራው አለ። በቃ፣ በሲሊኮን ድፈኝልኝ።»

«እኔ ያለ ቀዳዳ አልሠራም። ካልተስማማሽ መስታወቱን ነቅዬ ቀብድሽን እመልስልሻለሁ።»

«የፎቁ ሰው ሁሉ ነግሮኝ ነበር! ሥራዋ ቆንጆ ነው፣ ግን ቀዳዳ ካልተውኩ ብላ ታደርቃለች ብለውኛል።»

ላስታርቅ ብዬ በሬን ከፈትኩ። የሥራ ቱታ የለበሰች፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ሜትር ወገቧ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ ሴት ዘወር አለች። ግን ፊቴን አላየችም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ መጀመሪያ ጣሪያዬን አየች፤ ከዚያ ነው ዓይኗ ወደ እኔ የወረደው።

ከደጃፍ ቆሞ፣ ሰላም ከማለቱ በፊት ወደ ላይ የሚያይ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። እሳቸው ደግሞ ካረፉ ቆይተዋል። በሬ አጠገብ ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ለማስረዳት ወደ ሥራዬ መጀመሪያ መመለስ አለብኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ ታቅፈው እኔ ደብተር ታቅፌ፣ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ እየተጣበብኩ ነው የተማርኩት። ቀን የሰው ቤት ሥራ፣ ማታ ትምህርት። ያን ሁሉ የታገልኩት ከጓዳ ለመውጣት ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ግን ዕድሜዬንና እጄን አዩና «አንቺ ባልትና ያዢ» ተባልኩ። ባልትና ያኔ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሴቶች የሚሰጠው የምግብ፣ የስፌትና የቤት አያያዝ ትምህርት ነው። ከጓዳ ሸሽቼ ጓዳ ተመደብኩ። ዲፕሎማዬን ስቀበል ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ መስሏቸው ጓደኞቼ አቀፉኝ።

የተመደብኩበት ትምህርት ቤት በካዛንቺስና በባምቢስ መሃል ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። የባልትና ክፍሉ ውስጥ በእርዳታ የመጣ ባለ ኦቨን ምድጃ ነበረን። የሚሸከመው የመብራት መስመር ስላልነበረ ጠመኔና ውራጅ ጨርቅ እናስቀምጥበት ነበር። መጽሐፉ ግን የዳቦውን ምዕራፍ የሚጀምረው «ኦቨኑን አሙቂ» ብሎ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ጽጌ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። በጋም ሆነ ክረምት ጫፉ ሹል ብረት የሆነ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም። የመጀመሪያ ቀን ማስረጃዬን ዘርግቼ ስቆም ወረቀቱን ትተው የቀሚሴን ጫፍ ገልብጠው ስፌቱን አዩ።

«ማን ሰፋው?»

«ራሴ።»

«ከፊት ጎበዝ ነሽ» አሉና ለቀቁት። «የስፌት እውነቱ ከጀርባው ነው።»

ደነገጥኩ፤ ተናደድኩም። ቤት ገብቼ ቀሚሱን ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት። በማግስቱ ሳይጠይቁኝ ገልብጠው አዩና «እህ» አሉ። በእሳቸው ዘንድ «እህ» ምስጋና መሆኑ እስኪገባኝ ጊዜ ወስዶብኛል።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ተማሪዎች ያበሰሉትን ሲቀምሱ በአንዱ ማንኪያ ያወጣሉ፣ በሌላው ይቀምሳሉ፤ ሁለቱ ተነካክተው አያውቁም። የወጥ ቤት ንጽሕና ሲመረምሩ ሳህኑን አያዩም፣ የሳህን ማድረቂያውን ጨርቅ ያሸታሉ። የኦቨኑን ምዕራፍ ገጾች በመርፌ ቁልፍ ጠርቅመው ዘግተዋቸዋል። «ልጅቷ በምን እሳት ላይ እንደምታበስል ሳታይ ምን ልታስተምሪያት ነው?» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቻችንን ቤት እንዞራለን። ደጃፍ ላይ ቆመው ከሰላምታ በፊት ወደ ላይ ያያሉ። «ቤት መበላሸት የሚጀምረው ከላይ ነው» ይላሉ። ያኔ የሚፈልጉት ጣሪያው ማፍሰሱን ነበር። በኋላ ሌላ ነገር ሆነ።

ከምናስተምረው ሁሉ ተማሪዎቹ የሚወዱት የግድግዳ አለጣጠፍ ነበር። የሰፈሩ ቤት ጭቃ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ አቧራና ተባይ ይገባበታል። ዱቄት በውሃ አቅጥኖ ማፍላት፣ አይጥ እንዳይልሰው ጥቂት በረኪና ጠብ ማድረግ፣ ጋዜጣውን ከታች ወደ ላይ እያስጠጉ መለጠፍ፣ በጣሪያውና በግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት ደግሞ በአቡጀዴ በተሰፋ ኮርኒስ መሸፈን። ውጤት ስንሰጥ መመዘኛችን አንድ ነበር፦ ክፍተት አለው ወይስ የለውም?

ሂሩት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ብዙ አታወራም፤ እጇ ግን ያወራል። በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዷ ተማሪ በቤቷ አንድ ነገር ታሻሽላለች፤ እኛ ሄደን አይተን ነጥብ እንሰጣለን። ሂሩት ለአቡጀዴው ጫፍ የምትሰፋውን ድርብ ስፌት እትዬ ጽጌ ገልብጠው አይተው «እህ» አሏት። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ።

«ለምን ክፍል ነው?» አልኳት።

«እናቴ ለተኛችበት። ወልዳለች እኮ! ብርድ ሽው እንዳይልባት።»

አራስ እንዴት እንደምትያዝ የአገራችን ሰው ያውቃል። በር አይከፈትባትም፣ ንፋስ አይነካትም። ሂሩት እኛ ያስተማርናትን ከዚህ ጋር ነው የሰፋችው።

የሰኔ መግቢያ ዝናብ በሚያካፋበት ከሰዓት በኋላ ሂሩት እየመራችን ሄድን። ከፊት ከፊታችን ትሮጣለች፣ ዘወር ትላለች፣ ኩሬ ታሳየናለች። የግቢው ሴቶች «መምህራኑ መጡላት!» እያሉ ከየበራቸው ወጡ። ሂሩት በሩን ከፈተችና ግቡ አለች።

እንደዚያ ያለ ሥራ አላየሁም። ጋዜጣው አንድ እጥፋት፣ አንድ አረፋ የለውም። መስኮቷ ሳትቀር ተለጥፋለች። አቡጀዴው ከማዕዘን ማዕዘን እንደ ከበሮ ተወጥሯል። መሃል ላይ የከሰል ምድጃ ፍም ሆኖ ያበራል። ሙቀቱ ያቅፋል። ሙሉ ነጥብ አልኩ በልቤ።

እትዬ ጽጌ ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ላይ እያዩ ነበር። አልገቡም።

«ሂሩት፣ እናትሽን ቀስቅሻት» አሉ።

«እንቅልፍ ወስዷት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ደክሟት...»

«ቀስቅሻት!»

ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ሴትዮዋን ነቀነቅናት። ጉንጯ ቀይ ነው፤ ዓይኗ ይገለጣል እንጂ አያይም። ሕፃኑ ክንዷ ውስጥ ልፍስፍስ ብሏል።

«ከሰሉን እኮ ቀልቶ ነው ያስገባሁት!» አለች ሂሩት። «ጭስ የለውም! እዩት፣ ጭስ የለውም!»

እትዬ ጽጌ ጃንጥላቸውን ገልብጠው በሹሉ ጫፍ አቡጀዴውን ወጉት። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተረተሩት። ከዚያ የመስኮቷን ጋዜጣ። የብርሃን ዘንግና የዝናብ አየር አብረው ገቡ። ሂሩት ሥራዋ ሲቀደድ ስታይ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ምድጃውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይዘው ወደ ውጭ ወረወሩት። እኔ ሕፃኑን ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ፤ እናቱን ጎትተን ካፊያው ላይ አስቀመጥናት።

ግቢው ተናወጠ። «አራስ ዝናብ ላይ! ኧረ እግዚኦ! አራስ ንፋስ ላይ አወጡ!»

እናቲቱ አስመለሳት፤ ቀስ እያለች ነፍስ ዘራች። ሕፃኑም ትንሽ አለቀሰ። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ስንመለስ ለእትዬ ጽጌ «ተረፉ» አልኳቸው። ሕፃኑ በማግስቱ ሞተ።

ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ድንኳን አይጣልም፤ ጎረቤት እየገባ እናቲቱ ዘንድ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኛም ገባን። አቡጀዴው እንደተቀደደ ተንጠልጥሏል። የሂሩት አክስት እትዬ ጽጌን ስታይ ተነሳች።

«ደግሞ መጣሽ? የተኛች አራስ ላይ ቤት ቀደሽ ንፋስ ለቀቅሽባት! ልጁን በጃንጥላሽ ገደልሽው!»

ቤቱ ሁሉ አጉረመረመ። እትዬ ጽጌ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ እፎይ አልኩ፤ አሁን ያስረዳሉ፣ እንደ ክፍል ውስጥ በዝርዝር ያስረዳሉ ብዬ። ገዳዩ ንፋስ ሳይሆን ንፋስ ማጣት እንደሆነ፣ ፍምም ቢሆን አየር ባጣ ቤት ውስጥ እንደሚመርዝ፣ ጭሱ ስላልታየ መርዙ እንደማይቀር። እሳቸው ግን ዓይናቸው በሩ ጥግ ላይ ቀረ። ሂሩት ቆማለች። ሁለት እጆቿን፣ ያን ሁሉ የለጠፉትን እጆች፣ ብብቷ ውስጥ ቀብራለች።

እትዬ ጽጌ አንገታቸውን ደፉ።

«አዎ» አሉ። «ንፋሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። መንገድ ላይ ጮህኩባቸው፤ አለቃዬ ናቸው፣ ግን ጮህኩባቸው።

«እንዴት ይዋሻሉ? እርስዎ?»

«ምን ዋሸሁ? ንፋሱን ያስገባሁት እኔ አይደለሁም?»

«ልጁን የገደለው እኮ...»

«ዝም በይ!» አሉ። ቆሙ። «እውነቱን ብናገር እዚያ ጥግ የቆመችው ልጅ ወንድሟን ገደለች ይባላል። ዕድሜ ልኳን። እንዴት እንደሚለጠፍ ያስተማርናት እኛ ነን። ከኛ ሌላ ማን ይሸከመው?»

«ነገ ሌላዋ ብትለጥፍስ?»

«ለነገዋ እንነግራታለን። ለዚህች ግን አይነገርም።»

ወላጆች አቤት አሉ። እትዬ ጽጌ ወደ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ ቢሮ ተዛውረው፣ እስከ ጡረታቸው ፋይል ሲደረድሩ ኖሩ። ከመሄዳቸው በፊት ግን እኔን ይዘው በየግቢው ዞሩ። የለጠፉ ቤቶችን እየመረጡ፣ የማንንም ስም ሳያነሱ፣ ከኮርኒሱ በላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት እንዲተዉ ለመኑ። አንዳንዱ ቤት «ያቺ ሴትዮ!» ብሎ በር ዘጋባቸው። በሩ ሲዘጋ እንኳ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ያዩ ነበር።

ክፍሉን እኔ ተረከብኩ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያው ትምህርቴ ምግብም ስፌትም አልነበረም፤ አየር ነበር። ተማሪዎቼ «ቲቸር ቀዳዳ» ብለው ስም አወጡልኝ። የሰማሁ አልመስልም ነበር። ሂሩትን ፈለግኳት። ትምህርቷን አቁማ፣ ቤተሰቡ ሰፈር ለቆ ሄዶ ነበር። በኋላ ባልትና ከትምህርት ቤታችን ቀረና ክፍሉ ኮምፒውተር ገባበት፤ እኔን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጡኝ። መጻሕፍት መሃል ጡረታዬን ጠበቅሁ። ከዚያ የተሻለ የሥራ ቦታም አልነበረኝም። ግን የአንዲት ልጅ ነገር አልተዘጋልኝም። ያ ልጅነት ምን ሆኖ ቀረ? የእትዬ ጽጌ ዝምታ ጠቀማት ወይስ በከንቱ ነው አንገታቸውን የደፉት?

እትዬ ጽጌ ሲቀበሩ ጥቂት ሰው ነበር። አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አሮጊት ግን ከሁላችን በላይ አለቀሰች። «ይቅር በይኝ፣ ይቅር በይኝ» እያለች አፈሩን ትዳብሳለች። ማን እንደሆነች ቤተሰቡም አያውቅም። ጠጋ ስል ተነስታ ሄደች።

እና አሁን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቱታ የለበሰችው ሴት ሜትሯን ከወገቧ ፈትታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ቲቸር፣ አላወቁኝም?»

«ሂሩት» አልኩ።

እጄን ያዘች። መዳፏ በመስታወትና በአሉሚኒየም ሻክሯል። ባለቤቷ መስታወት ቤት እንደነበረው፣ ሲሞት ሥራውን እንደቀጠለች ነገረችኝ። እኔ የጠየቅኳት ሌላ ነው።

«ያን ቀዳዳ... ማን አስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል? አውቅ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«ሕፃኑን የገደለው ከሰሉ መሆኑን።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከለጠፍኩት ወዲህ እዚያ ስቀመጥ እኔንም ራሴን ይፈልጠኝ ነበር። ደጅ ስወጣ ይተወኛል። ምንነቱ የገባኝ ግን እትዬ ጽጌ አክስቴ ፊት አንገታቸውን ሲደፉ ነው። እሳቸው ያላጠፉትን አጠፋሁ የሚሉ ሴት አይደሉም። እኔን አይተው ነው። መናገር ነበረብኝ፤ አፌ ተሳሰረ።»

«ልጅ ነበርሽ።»

«እስከዚያች ሰዓት ልጅ ነበርኩ።»

ደነገጥኩ ማለት አይገልጸውም። ይህን ሁሉ ዘመን አታውቅም ብዬ ነበር የተጽናናሁት።

«ለእናትሽስ?»

«እትዬ ማረፋቸውን የሰማሁ ዕለት ነገርኳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ከቀብር ስትመለስ ‹ምነው ቀደም ብለሽ በነገርሽኝ፣ በሕይወቷ ሳለች እግሯ ላይ እወድቅ ነበር› አለች። ሁለተኛ አላነሳችውም።»

አፈሩን የዳበሰችውን አሮጊት አሁን አወቅኋት። እንባዬ መጣ። ቀና ስል ሰብለ ሆዷን ይዛ በሯ ላይ ቆማ አየኋት። ሁሉንም ሰምታለች።

«ሕፃኑ...» አለች። ወደ በረንዳዋ ዞራ ከመስታወቱ በላይ ያለችውን ክፍተት አየች። «በቃ፣ ሂሩትዬ፣ እንዳለ ይሁን» አለች።

ሰብለ ክረምት ላይ ወለደች። አጥሚት ይዤ ልጠይቃት ገባሁ። እናቷ ከጎንደር መጥተዋል። መብራት ስለጠፋ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዘው ገንፎ እየሠሩ ነበር። የበረንዳው በር ወደ መኝታ ክፍሉ ክፍት ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ እንደ ልማዴ ወደ ላይ ቀና አልኩ።

ክፍተቱ ውስጥ ነጠላ ተወትፏል። ጥልፉ ያማረ፣ በጥንቃቄ የታጠፈ፣ አንድ ጣት የማያስገባ።

አጥሚቱን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ልናገር አፌን ስከፍት ከአልጋው ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ነጠላሽን አንሺ።»

«ልጄ፣ ንፋስ እኮ ነው! አራስ ነሽ!»

«አንሺው አልኩሽ።»

«ኧረ ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል!»

«እማዬ! ይግባ!»

አሮጊቷ እያጉረመረሙ ወንበር ላይ ወጥተው ነጠላውን ሳቡት። አየሩ ገባ፤ የመጋረጃው ጫፍ ተነቃነቀ። ሕፃኑ አነጠሰ። አያቱ «ይኸው!» ብለው በቁጣ እኔን አዩኝ።

ሰብለ ግን ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና «ይማርህ» አለችው።